ብርሃን ያሳለፈው ቀዳዳ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ መብቱ ነው፤ እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

1972 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ፀሐይዋ ጣና ላይ ታንጸባርቃለች።

የሺመቤት ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የጥናት ቢሮ፣ ፎቅ ላይ ትሠራለች። የባሏን ሥራ ተከትላ ከሐረር የመጣች፣ በከተማው ዘመድ የሌላት ሴት ናት። ባሏ ዳኘው ባለፈው ዓመት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታንኳ ወደ ደቅ ደሴት ተሻገረ... አልደረሰም። ሬሳውም አልተገኘም። አልቅሳ እንዳትቀብረው፣ ጠብቃ እንዳትቀበለው ሆና ቀረች።

ሥራዋ የሽማግሌዎች ትረካ ከተጻፈባቸው ጥራዞች ውስጥ ቃል መፈለግ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል፣ ቁጥሮች የተደረደሩበት አንድ ወፍራም ካርድ አለ። ቃሉ ባለበት አንቀጽ ቁጥር ላይ ካርዱ ይበሳል። «ታንኳ» እና «ማዕበል» የት እንደሚጎራበቱ ለማወቅ ሁለቱን ካርዶች ደርቦ መስኮት ላይ መያዝ ነው። ብርሃን ካለፈ፣ ቃላቱ እዚያ አንቀጽ ውስጥ አብረው አሉ።

አንድ ቀን ብቸኝነቱ ጠናባትና በሁለት ባዶ ካርዶች ላይ «ዳኘው» እና «የሺመቤት» ብላ ጻፈች። ደርባ መስኮቱ ላይ ያዘቻቸው።

ጨለማ። ያልተበሳ ካርድ ምን ሊያሳይ!

በራሷ ስቃ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው... እንደተደረቡ። ካርድ ሁልጊዜ ተለያይቶ ነው የሚመለሰው። ረሳች።

በማግስቱ ሁለቱም ላይ፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ ቀዳዳ ነበር።

ጠርዙ እርጥብ ነው። ቁጥሩን አየች። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው አንቀጽ የለም፤ ጥራዞቹ ከዚያ በፊት ያልቃሉ።

«እሌኒ...» አለች የሥራ ጓደኛዋን በሹክሹክታ። «አንቺ በሳሻቸው?»

«እኔ? አልነካኋቸውም።»

ካርዶቹን ደርባ በቀዳዳው አጮለቀች። ሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ... የቆመ ሰው። መቅዘፊያ አልያዘም።

ካርዶቹን ከዓይኗ አነሳች። ሐይቁ ባዶ ነው።

በየቀኑ አየችው። በየቀኑ ቀረበ። እሷ የሠራችለትን ሹራብ ለብሷል... ውሃ ያንጠባጥባል።

እሌኒ አንድ ጊዜ ብቻ አይታ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ካርዶቹን እንድታቃጥላቸው ለመነቻት።

«ቢመጣስ?» አለች የሺመቤት። «እሌኒ... ቤት ስገባ እኮ ማንም የለም።»

ዓርብ ዕለት ቀዳዳው ብርሃን አላሳልፍ አለ። ውጭ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። እሌኒ ከኋላ ቆማ አየች... ቀዳዳው ጨለመ። በራ። ጨለመ።

እንደሚርገበገብ ዓይን።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳ የለውም።

የሺመቤት ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ለጠፈች።

«መጣህ?» አለች ቀስ ብላ።

እሌኒ ዘበኛውን ልትጠራ ሮጠች። ሲመለሱ ወንበሩ ባዶ ነበር። በደረጃው የወረደ ሰው የለም። መስኮቱ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

ሁለቱ ካርዶች ውሃ እያንጠባጠቡ መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል...

በውጭ በኩል።