አይጨስም የተባለው ከሰል

ሰውየው የሚጨስ ምድጃ አንጠልጥሎ መንገዱን ሲያቋርጥ ያላየው አልነበረም። ከሰል ሠሪዋ ሱቅ ገባና ምድጃውን እግሯ ሥር አስቀመጠላት።

«ይኸውልሽ፣ ጭስ የለውም ብለሽ የሸጥሽልኝ ከሰል።»

ቀና ብላ አየችው። ረጅም ነው፤ አንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተጠምጥሟል፤ ዓይኑ ቀልቶ እንባ ያወርዳል። እንዲህ ባይቆጣ መልኩ ደህና ነበር። ጎንበስ ብላ ምድጃውን አሸተተችና ትዕግሥቷ እዚያው አለቀ።

«በምንድን ነው የለኮስከው?»

«በፌስታል ነዋ።»

«ወንድሜ፣ የሚጨሰው ፌስታሉ ነው እኮ...»

እሷና ሁለት ባልደረቦቿ እንጨት ቤቶች የሚጥሉትን ሰጋቱራ ሰብስበው፣ አክስለው፣ ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣ ዝልግልግ ሞላሰስ ለውሰው በማሽን ይጨምቁታል። በደንብ ከደረቀ አይጨስም። ይህን ለሰው ማስረዳት ግን ከማምረቱ ይከብዳል። አንዱ ውሃ ያርከፈክፍበታል፣ አንዷ በመዶሻ ትፈረካክሰዋለች፣ ይኼኛው ደግሞ በፌስታል ይለኩሰዋል። ሲጨስ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ነገሩ እጅ እጅ ብሏታል።

በደረቅ ስንጥር ለኩሳ አሳየችው። አመስግኖ ሄደ። ተገላገልኩ ስትል በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«ቶሎ አይያያዝም» አለ። ሌላ ቀን «ቶሎ ያልቃል» አለ። ሌላ ቀን ደግሞ «ቶሎ አያልቅም፤ ልብሱን ተኩሼ ከጨረስኩ በኋላ እንኳ ካውያዬ ውስጥ ይግላል» ብሎ መጣ።

«ቶሎ አላልቅ አለ ብሎ ከሰል የሚከስ ሰው ካንተ በቀር አላየሁም» አለችው።

ባልደረቦቿ «ጭሱ» የሚል ስም አወጡለት። ከሩቅ ሲያዩት «ጭሱ መጣልሽ» ይሏታል። ለከሰሉ ብሎ እንደማይመላለስ ለእሷም ገብቷታል። አንጀቷን የሚያሳርራት በአፉ አለመናገሩ ነው። ሰው እንዴት ወደድኩሽ ማለት አቅቶት ከሰል ሲከስ ይከርማል? የቀረ ቀን ደግሞ በሩን በሩን ስታይ ትውላለች፤ በዚህም በራሷ ትናደዳለች።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ አላባራ ሲል ከሰሉም አልደርቅ አለ፤ ደንበኛው ግን አምጪ እያለ ይጮሃል። ሁልጊዜ ከመሸጧ በፊት አንዱን ሰብራ ውስጡን የምታይ ሴት፣ በዚያ ሰሞን ከላይ ከላዩ ዳብሳ «ደርቋል» አለችና ሸጠች።

ጭሱ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ከሰልሽ ይጨሳል» አላት።

ባልደረቦቿ ሳቁ። እሷም ሳቀች።

«ዛሬስ በምን ለኮስከው?»

«እንዳሳየሽኝ በስንጥር ነው። መስኮቱንም ከፍቼ ነበር። እናቴ ስታስል ነው ያደረችው።»

«አሁን ደግሞ በእናትህ መጣህ? የምትለኝ ነገር ካለ በአፍህ በለኝ። በከሰል ማመካኘቱ አልሰለቸህም?»

ወደ በሩ ዞረ። «ዛሬ የመጣሁት ለእናቴ ነው» አለና ወጣ።

የሚስቅ ጠፋ። ከሰል ሠሪዋ ከዚያው ምርት ከቀረው አንዱን አንስታ ሰበረችው። ውስጡ እርጥብ ነበር፤ ጣቷ ላይ እንደ ጭቃ ተለጠፈ።

ከበጋ የተረፈውን ደረቅ ከሰል በላስቲክ ጠቅልላ ተሸክማ፣ በዝናብ እየበሰበሰች ቤቱን አፈላልጋ አገኘችው። በሩን የከፈተላት እሱ ነው። እናቱ ከውስጥ ትራስ ተደግፈው ያስላሉ።

«እርጥብ ነበር» አለችው። «ሳልሰብር ነው የሸጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ቅድም ስነግርሽ ብትሰሚኝስ?»

«ስትዋሽ ከርመህ እውነቱን በምን ልለየው?»

«ታዲያ ምን ብዬ ልምጣ? በመጣሁ ቁጥር ትቆጪኛለሽ።»

«የምቆጣህ ስለማትናገር ነው!»

«እናንተ ልጆች» አሉ እናቱ ከውስጥ፤ ሳላቸው አቋረጣቸውና ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። «አንቺ ልጅ፣ ግቢ። ይኼ ልጅ ስላንቺ እያወራ ጆሮዬን አደንቁሮኛል። አንቺም በዚህ ዝናብ የመጣሽው ለኔ ብቻ አይመስለኝም። እናንተ መነጋገር አቅቷችሁ ጭሱን የምበላው እኔ ነኝ። በል ንገራት፣ እኔም ልረፍበት።»

ልብስ ሰፊው ላብ አጠመቀው።

«እወድሻለሁ» አላት። «ከሰልሽ ምንም አልሆነም ነበር። ከዛሬው በቀር...»

ለስንት ቀን ስታዘጋጀው የከረመችው ቁጣ ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«እኔም» አለችና፣ ፊቷን እንዳያይባት ፈጥና ደጅ ወጥታ ከበረንዳው ሥር ደረቁን ከሰል ለኮሰች።

ከተጋቡ ወዲህ ከየምርቱ ጥቂቱ ከመሸጡ በፊት መጀመሪያ የሚነደው እነሱ ግቢ ነው። እሱ ምድጃውን ዞር ዞር ብሎ ያየውና «ትንሽ ይጨሳል» ይላታል። እሷም ትነጫነጫለች፣ ዓይንህ ነው ትለዋለች፣ ለምን አገባሁህ ትለዋለች። ከዚያ ግን ታምነዋለች፤ ጆንያውን ትፈታና ከሰሉን መልሳ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች።