ያልመለስኩት አክሊል

መንፈስ፣ ጥላ፣ ምናምን ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ። ይህን የምነግራችሁም ወድጄ ሳይሆን ለብቻዬ መያዙ ስለከበደኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቤቴ ውስጥ ከነገሥታት ዘር የመጣ የወርቅ አክሊል አለ፣ ዙሪያውን ስስ የወርቅ ቅጠሎች የተንጠለጠሉበት። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ በመጨረሻ ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ የቤተ መንግሥት ዘመድ እጅ ገባ፣ አያቴ ደግሞ የእሳቸው ፀጉር ሠሪ ነበረች። አብዮቱ መጥቶ ወታደሮች ሊወስዷቸው ሲሉ አክሊሉን በነጠላ ጠቅልለው "አደራሽን፣ ለልጆቼ" አሏት። አያቴ ለእናቴ፣ እናቴም ለእኔ ከነአደራው ሰጠችኝ። እኔ ግን ኮሎምበስ ስገባ አደራውን ረስቼ፣ ኧረ ምን ረስቼ፣ ትቼ፣ ላየው ሁሉ "የአያቴ ነው" አልኩ።

ልጄ ሶልያና ልታገባ ሦስት ቀን ሲቀራት ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ቅጠሎቹ ሲንቃጨሉ ሰማሁ፣ ሂተሩ ነው ብዬ አጠፋሁት፣ አልተወም። አክሊሉ ያለበትን ትንሽ ሣጥን አውጥቼ ስከፍተው፣ እመኑኝ፣ ወርቁ ይሞቃል፣ አሁን ከሰው ራስ ላይ የወረደ ይመስላል። ውስጡ አንዲት ነጭ ፀጉር ነበረች፣ ለጋ ቅቤ የምትሸት። እኔ ቤት ማን ቅቤ ይቀባል?

የሠርጉ ዕለት ጠዋት አክሊሉን ሳደርግላት፣ ልጄ "ማም፣ ዋይ ኢዝ ኢት ሶ ዋርም?" አለችኝ፣ ለምን እንዲህ ሞቀ ማለቷ ነው፣ እኔ ፀጉሯን ማስተካከል ያዝኩ። ሊመርቋት የመጡት ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ "የማን ቤት ዕቃ ነው ይሄ?" አሉ። "የአያቴ" ስል ቅጠሎቹ በአንዴ ተንቀጠቀጡ፣ ልጄ ራሷን እንኳ አላነቃነቀችም ነበር። ጋሼ አክሊሉን ትተው እኔን አዩኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ኖርዝላንድ ሰፈር ያለ ሱቅ ውስጥ ማህሌት አገኘችኝ፣ በዲቪ መጥታ ኦቤትስ ባለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የምትሠራ ልጅ ናት። የወይዘሮ በላይነሽ የልጅ ልጅ መሆኗን ድሮ ስንተዋወቅ ነግራኝ የማላውቃቸው መስዬ አልፌያለሁ፣ እሷም አክሊሉ የእነሱ እንደነበር አታውቅም።

"እትዬ ሮማን፣ ላገባ ነው እኮ! የሶልያናን ፒክቸር አየሁት። ያንን የአያትዎን አክሊል ለአንድ ቀን ብቻ ቢያውሱኝ? በማግስቱ እመልሳለሁ፣ ፕሮሚስ!"

"ያንቺው ነው" ማለት ነበረብኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "አስቤበት ኮል አደርግልሻለሁ" አልኳት። እንዴት እንዳፈርኩ ለማን ልናገር?

ይህን ስጽፍ ሣጥኑ ጭኔ ላይ ነው፣ ክዳኑን አልከፈትኩም፣ ሙቀቱ ግን በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። ማህሌት ዛሬ ሁለቴ ደወለች፣ አላነሳሁም።