የማንኪያው ቦይ

«መቶ አርባውን ነው ያልኩሽ!» አለ ዶን ኤሎይ፣ ከጭነት መኪናው ሥር የወጡትን የኔልዳን እግሮች በጫማው ጫፍ እየነካ። «ዘጠና ቁጥር ዘይት ለስፌት መኪና ነው።»

ኔልዳ ጨው በለበሰው መሬት ላይ ተንጋላለች። ከፊቷ በላይ ያለው የኋላ ዲፈረንሻል፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው ባለጥርስ ብረት፣ አዲስ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛው። የፊተኞቹ ሁለቱ በጠዋት ብርድ ከመንደራቸው ከኮልቻኒ ብዙም ሳይርቁ እያፏጩ ተቃጥለዋል። አባቷ ዶን ሴቬሮ ይሄም ከተቃጠለ መኪናውን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጦ ማዕድን ጉድጓድ እንደሚገባ ትናንት ራት ላይ ተናግሯል። ሲናገር ሾርባውን እንጂ ሰው አላየም። አያቷ ከዚያ ጉድጓድ ይዞት የወጣው ሳል ብቻ ነው።

ዶን ኤሎይ የአባቷ አበልጅ፣ የእሷ የክርስትና አባት ነው። ሃያ ዓመት በቆላ፣ በሳንታ ክሩዝ ሙቀት እንጨት ሲጭን ኖሯል። እዚያ ቀጭን ዘይት ውሃ ስለሚሆን ወፍራሙን መቶ አርባ ይሞላሉ። እሱም የቆላውን ሕግ ሻንጣው ውስጥ ከቶ ደጋ ድረስ ይዞት ወጣ። «ዘይት ሲወፍር ብረት ይደልባል» ይላል፤ ሰፈሩም ይደግማል። ድምፁ የጎላ ሰው ያለውን ማን ይመረምራል? ጠዋት ዘይቱ ሲረጋባቸው ሾፌሮቹ ከዲፈረንሻሉ ሥር ላማ የተባለውን የደጋ እንስሳ ኩበት ያነድዳሉ። ሲቃጠል ደግሞ «ለምድር እናት መባ ያፈሰስነው አልኮል አንሶ ነው» ይባላል። ዘይቱን የሚከስ የለም።

ኔልዳ ግን ከወንበሩ ሥር የተወረወረውን የመኪናውን መመሪያ አንብባለች። ገጹን የቅባት ጣት እንኳ አልነካውም። ቴርሞሜትር ተሥሎበታል፤ መቶ አርባ ከሙቀቱ በኩል፣ ዘጠና ከብርዱ በኩል። የኮልቻኒ የሰኔ ጠዋት ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነው።

«ሞልተሽ ጥሪን» ብለው አባቷና ዶን ኤሎይ ለምሳ ገቡ።

ሁለት ጀሪካን አጠገቧ ቀረ። አንዱ የዶን ኤሎይ መቶ አርባ፣ ሌላው ዲፈረንሻሉን የሸጠው ሰው አብሮ የላከው ዘጠና። ዘጠናውን ብትሞላ ማን ያያታል? እጇ ክዳኑ ላይ አረፈ። ከዚያ ነገሩን እስከ ጫፉ አሰበችው። ቢሰምር «መቶ አርባ ማለት እንዲህ ነው!» ተብሎ ዶን ኤሎይ ይመሰገናል። ባይሰምር አጥፊዋ እሷ ናት። አባቷም የተሞላውን ዘይት ሳያውቅ ዳገት ሊወጣ ነው።

እጇን አነሳች።

«ሞላሽው?» አለ አባቷ አፉን እየጠረገ ሲመለስ።

«አልሞላሁም፣ አባዬ። ነገ ከመነሳትህ በፊት እሞላዋለሁ። አሁን ሁለት የሰርዲን ጣሳ ስጠኝ።»

«ለአሻንጉሊቶችሽ ሾርባ ልትሠሪ?» ሳቀ ዶን ኤሎይ። «አበልጄ፣ ይቺ ልጅ ሙድ እየያዘችብን ነው!»

አባቷ አልሳቀም። ጣሳዎቹን ፈልጎ አቀበላት።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ሾፌሮቹ ኩበት ተሸክመው ሲመጡ፣ በዶን ሴቬሮ መኪና የመከላከያ ብረት ላይ አንዱ መቶ አርባ፣ አንዱ ዘጠና ዘይት የያዙ ሁለት ጣሳዎች አገኙ። ሌሊቱን እዚያው አድረዋል። መከላከያው ላይ የወንድሞቿ ስም፣ ሮሊና ኤድሰን፣ በቀይ ተጽፏል። እሷ ስትወለድ ቀለሙ አልቆ ነበር አሉ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቀለም አልተገዛም።

«አባዬ፣ ማንኪያውን ያዝ። መቶ አርባውን መሃል ለመሃል ቅደደው።»

ቀደደው። ቦዩ እንደ ተቆፈረ ቀረ፤ የጣሳው ቂጥ ታየ። ሁሉም ጠበቁ። አልተከደነም።

«የዲፈረንሻሉ ጥርስም ሲዞር የሚያደርገው ይሄንኑ ነው» አለች። ማንኪያው የተወውን ቦይ በጣቷ አሳየች። «ቦይ ቆፍሮ በባዶ ይሽከረከራል። ዘይቱ አይመለስለትም። ጥርሱን የሚሸከመው ኩሽኔታ ደርቆ ይቃጠላል። አሁን ዘጠናውን ቅደድ።»

ይሄኛውም ተቀደደ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ እየተንፏቀቀ መጥቶ ተገጣጠመ።

«ለዚህ አይደል እንዴ እሳት የምናነደው!» ጮኸ ዶን ኤሎይ።

«እሳቱ ከታች ያለውን ዘይት ያሳርራል እንጂ ላይኛው ኩሽኔታ ጋ አይደርስም።»

«ስምንት ቶን ጨው ጭኖ ዳገት ላይ ሲግል ዘጠናሽ ውሃ ነው የሚሆነው!»

«ዳገቱም ደጋ ነው፣ የክርስትና አባቴ። ቆላውን እርስዎ ነዎት ይዘውት የመጡት።»

አንድ ሾፌር ሳቁ አመለጠው። ዶን ሴቬሮ ማንኪያውን መልሶ በመቶ አርባው ውስጥ ሳበ። ደግሞ ሳበ።

«ሁለት ዲፈረንሻል ቀበርኩ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ዘጠናውን አምጪው።»

ያን ጠዋት ከሥሩ እሳት አልነደደም። ኔልዳ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። መንደሩን ለቀው እስኪርቁ ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለው ፉጨት ጠበቁ። ፉጨት የለም። ዳገቱ ጀመረ፤ ስምንት ቶን ጨው እያቃሰተ ወጣ። ጫፍ ላይ አባቷ አቁሞ ከሥር ገባ፤ መዳፉን ዲፈረንሻሉ ላይ አሳረፈ። እሷ ጮክ ብላ ቆጠረች። ዱሮ ሁለት ሳይባል ነበር እጁን የሚነጥቀው።

«ስምንት… ዘጠኝ… አሥር!»

«እንደ ዳቦ ሞቅ ብሏል!» አለ ከሥር። «እንደ ዳቦ እኮ ነው፣ ልጄ!»

ወጥቶ ክላክሱን ነፋው። በዚያ ሜዳ የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ደጋግሞ ነፋው።

በወሩ መጨረሻ የኩበት ጭስ ከሦስት መኪና ሥር ጠፋ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶን ኤሎይ ግራና ቀኙን አይቶ ወደ ኔልዳ ተጠጋ።

«የእኔንም ታይልኛለሽ? ብቻ አቦ ጮክ ብለሽ አታውሪው።»

«ጣሳና ማንኪያ ይዘው ይምጡ» አለችው፣ ጮክ ብላ።

በዚያው ቀን አባቷ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ መጣ። ዓይኗን አላያትም።

«መከላከያው ላይ ቦታ አለ። ስምሽን ጻፊ።»

ኔልዳ ብሩሹን ተቀበለች። ጨው የሸፈናቸውን የወንድሞቿን ስሞች አየች፤ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታም። ከዚያ በጀርባዋ ተንጋላ ከመኪናው ሥር ገባች። የዲፈረንሻሉን ሆድ በጨርቅ ወልውላ «90» ብላ ጻፈች። ከሥሩ፣ «ኔልዳ»።

«እዚያ ማን ያየዋል?» አለ አባቷ ጎንበስ ብሎ።

«ዘይት የሚሞላ ሁሉ» አለች፣ የመጨረሻዋን ፊደል እያደመቀች።