ሆርን ላይ የተጠራው ስም

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አልነበርኩም። እናቴ በሕይወት ሳለች «የጠራሽን ሳታዪ አቤት እንዳትይ፣ መጀመሪያ ማነው በይ፣ የጠራሽ የሞተ ሰው ከሆነ ይዞሽ ይሄዳል» እያለች ስታስጠነቅቀኝ እስቅባት ነበር። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል ባያልፍም ለዚህ ዓይነቱ ወሬ ጆሮ አልሰጥም፣ እኔ የምፈራው የሚታየውን ነው፣ መኪና፣ ውሃ፣ ደረጃ፣ የማላውቀው ሰው። ስለዚህ የምነግራችሁን የፈሪ ሴት ቅዠት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ አደራ።

ያን ጊዜ አምስተርዳም ውስጥ አንድ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር፣ የምንኖረው ባይልመር በሚባለው ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ነው፣ እኔና የስምንት ዓመቷ ልጄ ማርታ፣ ሌላ ሰው የለንም። አባቷን አታስታውሰውም። አዲስ አበባ ሳለን፣ እሷ ገና ጡት ሳትጥል፣ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳና «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው፣ በፒጃማው ላይ ኮቱን ጣል እንዳደረገ ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ሞቷል ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለም፣ ስለዚህ ጥቁር አልለበስኩለትም። ልጁን «ድንቡሼ» ነበር የሚላት፣ ያኔ ወፍራም ነበረች፣ በዚህ ስም የሚጠራት እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ያን የቁልምጫ ስም አፌ ላይ አምጥቼው አላውቅም፣ ለእሷም አልነገርኳት።

አንድ ቅዳሜ፣ ትምህርት ስለሌለ ማርታን ይዣት ሥራ ገብቼ ሳለ፣ ሆቴሉ ውስጥ ያረፉ ባልና ሚስት ከነመኪናው ለብቻቸው የያዙት አስጎብኚ መጣ። ሆርን የምትባለውን የጥንት የወደብ ከተማ ሊያሳያቸው ነበር፣ ሴትየዋ ግን አሟት ከአልጋ አልተነሣችም። «ተከፍሎበታል፣ ከሚቀር አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ አለቃዬ። ከማላውቀው ወንድ ጋር መኪና ውስጥ መግባት አስፈራኝ፣ ግን ማርታ ኮቷን ለብሳ ጨርሳለች።

አስጎብኚው ሜኔር ዲርክ፣ አቶ ዲርክ እንደማለት፣ የሚባሉ ረጅም፣ ተጫዋች ሽማግሌ ናቸው፣ መንገዱን ሙሉ ያወራሉ፣ የእኔ የደች ቋንቋ ገና ስለሆነ ማርታ ትተረጉምልኛለች።

«ምን አሉ?»

«ይሄ ሁሉ ውሃ ድሮ ባሕር ነበር አለ። በግንብ ዘጉትና ሐይቅ ሆነ አለ።»

«አሉ በይ፣ ሽማግሌ ናቸው።»

«እሱ ራሱ ዲርክ በይኝ ብሎኛል እኮ!»

«ይበሉሽ። አንቺ ግን አሉ በይ፣ ሲጠሩሽም አቤት።»

አቤት ማለትን አጥብቄ ነው ያስተማርኳት፣ የዚህ አገር ልጆች ሲጠሩ «ዋት?» ይላሉ፣ እሱ ያንገበግበኝ ነበር። ሳታዪ አቤት አትበይ የሚለውን የእናቴን ማስጠንቀቂያ ግን አላስተማርኳትም፣ አላምንበትማ።

ሆርን ስንደርስ ከተማው ጉም ለብሷል። ወደቡ ላይ ሰው አይታይም፣ የቆሙት ጀልባዎች ገመድ ብቻ ምሰሶውን ይመታል፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እኔ ማርታን ከውሃው ዳር እየጎተትኩ እጇን ጨምድጄ ይዣለሁ፣ ሜኔር ዲርክ እያዩ ይስቃሉ።

«እናትሽ ውሃው እግር አውጥቶ የሚመጣ ይመስላታል አሉ» አለችኝ ማርታ፣ እሷም እየሳቀች።

ከዚያ ወደ አንድ ጠባብ መንገድ አስገቡን። የቤቶቹ መስኮት ላይ፣ በውጪ በኩል፣ ትንንሽ መስታወቶች በብረት ተንጠልጥለዋል። ድሮ ባሎቻቸው ባሕር የሄዱባቸው ሴቶች ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ በር ሳይከፍቱ ማን እንደሚመጣ የሚያዩበት ነው አሉ። «ባላቸው ይስጠም አይስጠም ሳያውቁ እዚያው ያረጁ ነበሩ አሉ» አለች ማርታ። እኔ ቀና ብዬ አንዱን መስታወት አየሁ። ራሴን አየሁ፣ ማርታን አየሁ፣ ሽማግሌውን አየሁ፣ ከኋላችን ደግሞ አንድ ሰው፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ፀጉሩ ከአልጋ እንደተነሣ ሰው የተንጨባረረ፣ ፊቱን ጉም የሸፈነው።

ዞርኩ። እርጥቡ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። እመኑኝ፣ ያ የገመዱ ድምፅ እንኳ ቆሟል።

«ድንቡሼ!»

የወንድ ድምፅ ነው፣ ከበር ላይ ሆኖ ልጁን እንደሚጠራ አባት ለስለስ ያለ። ማርታ እጇን ከእጄ መንጭቃ ዞረችና «አቤት!» አለች።

ሜኔር ዲርክም ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ተመለከቱ። «ማነው የጠራሽ ይላሉ» አለችኝ ማርታ። ልብ በሉልኝ፣ እሳቸውም ሰምተዋል። ልጄን እንደ ሕፃን አቅፌ ወደ መኪናው ሮጥኩ። ስንመለስ እኚያ ተጫዋች ሽማግሌ ዓይናቸውን ከመኪናው የኋላ ማያ መስታወት አልነቀሉም።

«ማርታ፣ ለምንድን ነው አቤት ያልሽው?»

«ተጠራኋ።»

«ስምሽ ማርታ አይደለም እንዴ?»

«እሱም የኔ ነው» አለችኝ።

ለማን ልንገር? የሐበሻ ቄስ በአካባቢው አላውቅም ነበር፣ ለደቾቹ ብናገር አብዳለች ብለው ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። እናቴ እውነቷን ከሆነ ባሌ ሞቷል ማለት ነው፣ ልጄም ተጠርታ አቤት ብላለች። እናቴ ተሳስታ ከሆነ ደግሞ ያ ሰው የት ሆኖ ነው የጠራት?

ማርታ አሁን ትልቅ ልጅ ናት፣ ስጠራት «ዋት?» ትለኛለች፣ መቆጣቱንም ትቼዋለሁ። አንዳንድ ጉም የሆነ ከሰዓት ግን፣ ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን ሳለች፣ የታጠበ ልብስ ታቅፌ በበሯ በኩል ሳልፍ፣ ልክ እንዳስተማርኳት፣ ረጋ ብላ «አቤት» ስትል እሰማታለሁ። በሩን ከፍቼ ላስቆማት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ልብሱን እንደታቀፍኩ እኔንም ይጠራኝ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። የእኔን ስም እስከ ዛሬ አልጠራም።