የምረቃው ውሃ

የኸድርን አስከሬን ከውሃ ታንኩ ያወጡት የምረቃው እንግዶች ሊደርሱ ግማሽ ቀን ሲቀራቸው ነበር። ከታንኩ ሥር ሰሌን ላይ አስተኝተው ጋቢ አልብሰውታል። ከሸዋሮቢት የተጠራችው ኢንስፔክተር ራቢዓ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ እጆቹን ተመለከተች። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተላልጧል፤ ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ ቀለም ገብቷል።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ» አሉ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበርና የሟቹ የአክስት ልጅ ጋሼ ሰዲቅ። «ትናንት እዚህ ድርሽ አላልኩም። ጧት ስመጣ ክዳኑ ክፍት ነው። አንሸራቶት ገብቶ ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው።»

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» ብላ እጃቸውን ጨበጠች። እጃቸው ነጭ ጋዝ ይሸታል።

ታንኩ የተሠራው መንግሥት ለአየር ንብረት ለውጥ መቋቋሚያ ብሎ በመደበው በጀት ነው። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየሳበ ይሞላዋል፤ ድርቅ ያጎሳቆላት ቆላማ ቀበሌም ትጠጣለች ተብሏል። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሪባኑም ተወጥሯል።

ራቢዓ መሰላሉን ወጣች። የብረት ክዳኑ መቀርቀሪያ ከውጭ በኩል ነው። ቀለም ቀቢዎቹ ክዳኑን ትናንት ከሰዓት በኋላ ከላይም ከሥርም አረንጓዴ ቀብተው እንደሄዱ ነግረዋታል፤ አሁን ደርቋል። ከሥሩ ግን ቀለሙ በጥፍር ተቧጥጧል። በጣሳ ውሃ ቀዳች። ጅራታም የእንቁራሪት ግልገሎች ይርመሰመሱበታል።

ወርዳ የፕሮጀክቱን መሐንዲስ ታምራትን ጠራችው።

«ታንኩን ማን ሞላው?»

«ፓምፑ ነዋ። ትናንት ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሲሠራ አምሽቷል፤ ድምፁን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ባትሪ አለው?»

«የለውም፤ በቀጥታ ከፀሐይ ነው...» ብሎ ወደ ድንኳኑ ጀርባ አየ።

ከድንኳኑ ጀርባ የውሃ ቦቴ ቆሟል። ሹፌሩ አብዱረሂም ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

«ከሮቢ ወንዝ እየቀዳሁ የሞላሁት እኔ ነኝ። ኢንጂነር ነው ያዘዘኝ።»

«ላይ ወጥተህ ነበር?»

«ምን ሊያወጣኝ? ቱቦውን ከታች እሰካና ሞተሩን አስነሳለሁ።»

«የሰው ድምፅ አልሰማህም?»

«ያ ሞተር ሲጮህ እኮ አዛንም አይሰማ» አለና ድንገት ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰው ነበረበት እንዴ? ያ ረቢ!»

ራቢዓ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟቹ ሚስት ሳሊሃም መጥታ ተቀመጠች።

«ኸድር ውሃ ውስጥ አልወደቀም» አለች ራቢዓ። «እጁ የተላጠው የተዘጋ ክዳን ሲደበድብ ነው። መቀርቀሪያው ያለው ከውጭ ነው፤ ስለዚህ ሰው ዘግቶበታል። ውሃው ደግሞ የወንዝ ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ እንቁራሪት አይወጣም። ፀሐይ ከጠለቀች ፓምፑ አይሠራምና የተሰማው ድምፅ የቦቴው ነው። ኸድር ሲገባ ታንኩ ደረቅ ነበር ማለት ነው።»

«ማን ነው የዘጋበት?» አለች ሳሊሃ።

«ክዳኑ ትናንት ማታ እርጥብ ነበር፤ የዘጋው ሰው ቀለም ነክቶታል። የአብዱረሂም እጅ ላይ የሞተር ዘይት እንጂ ቀለም የለም። የታምራትንም አይቻለሁ፤ ቀለምም ሽታም የለውም። የዘይት ቀለም በሳሙና አይለቅም፤ በነጭ ጋዝ ነው የሚለቀው። ጋሼ ሰዲቅ፣ እስቲ የጠቀለሉትን እጅጌዎን ይመልሱት።»

ሽማግሌው አልመለሱትም። ራቢዓ ራሷ መለሰችው። የእጅጌያቸው ጫፍ አረንጓዴ ነው።

«ወላሂ ልገድለው አይደለም!» ጋሼ ሰዲቅ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። «‹እንግዶቹ ፊት ቆሜ ጉድጓዱ ደረቅ ነው እላለሁ› አለኝ። ምረቃው ከተበላሸ የከርሞው በጀት ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል ብለውናል። ‹ባዶነቱን ገብቼ ላሳይህ› ብሎ ሲወርድ ዘጋሁበት። እንግዶቹ እስኪሄዱ ብቻ ነበር። ጧት ቂጣ ይዤለት መጣሁ... ቦቴ እንደሚመጣ ማን ነገረኝ?»

ሳሊሃ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ራቢዓ ወደ ታምራት ዞረች። «ጉድጓዱ ለምን ደረቀ?»

«አልደረቀም፤ ውሃው ጋ አልደረስንም። ገና መቆፈር ነበረበት። ግን በጀቱ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካላለቀ ተመላሽ ይሆናል፤ አልተጠቀማችሁበትም ተብሎ የከርሞውም ይቀነሳል። ‹ተጠናቋል ብለህ ሪፖርት አድርግ› አሉኝ፤ አደረግኩ።»

«እነማን?»

«የበላዬ። እሱንም የበላዩ።»

ራቢዓ ለአለቃዋ ደወለች። «ገዳዩን አግኝተሻል አይደል? የጉድጓዱ ጉዳይ የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እንግዶቹም ወሬውን ሰምተው ከአስፓልቱ ተመለሱ።

«ታዲያ ይቆፍሩልናል?» አለች ሳሊሃ።

ታምራት አንገቱን ደፋ። «በወረቀት ቀበሌዋ ውሃ አግኝታለች፣ እትዬ። ውሃ ላገኘ ቀበሌ ድጋሚ በጀት አይያዝም።»

ሳሊሃ ራቢዓን ተመለከተቻት። ራቢዓ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

አስከሬኑ ከሆስፒታል ምርመራ ሲመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አስከሬኑን የሚያጥቡት ሰዎች ውሃ ጠየቁ። የየቤቱ ጀሪካን ባዶ ነው፤ ወንዙ ሩቅ ነው፤ ቦቴውን ራሷ ራቢዓ በኤግዚቢትነት ይዛዋለች። ሰው ሁሉ ወደ ታንኩ አየ፤ ማንም ግን ወደዚያ አልሄደም።

ሳሊሃ ባልዲ አንሥታ ብቻዋን ሄደች። ታንኩም ኤግዚቢት ነውና ራቢዓ መከልከል ነበረባት፤ አልቻለችም። ሳሊሃ ቧንቧውን ከፈተችና ባልዲው እስኪሞላ ፊቷን አዙራ ቆመች።