የአንቴናው ገመድ ሲጎተት

ይህን የምጽፈው ለማስፈራት አይደለም። በእውነት የሆነ ነገር ነው። በራሴ እጅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድሬዳዋ ደቻቱ ሰፈር ውስጥ የሆነ።

አላምንም የሚል አይመን... እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ጣሪያ ቀና ማለት እፈራለሁ።

ግንቦት 1978። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ድሬን የሚያውቅ ያውቃል። በዚያ ሰዓት ሱቅ ዝግ ነው፣ መንገድ ላይ ፍየል እንኳ አይታይም። ከተማው በሙሉ ጥላ ፈልጎ ተጋድሟል።

እኔ ደግሞ ኤዶ ሻሚስ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ የአንቴና ገመድ በምላጭ እልጣለሁ።

ኤዶ ሻሚስ ጎረቤቴ ናት። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ባንዛመድም እንደዚያ ነበር የምጠራት። ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው... ዒልሚ።

ዒልሚን ከገበያ መሃል አፍሰው ሁርሶ ማሰልጠኛ ወሰዱት። ከዚያ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር። ሁለት ደብዳቤ መጣ።

ከዚያ አሥራ አራት ወር ዝም።

አንድ ቀን የመልካ ጀብዱ ሹፌር "ልጅሽን በቴሌቪዥን አየሁት፣ ከወታደሮች ጋር ተሰልፎ" አላት። ይቺን ሰምታ ወርቋን ሸጠችና ከጅቡቲ የገባ ቴሌቪዥን ገዛች። ዜናም ዘፈንም አልፈለገችም። የልጇን ፊት ለማየት ነው።

"ሰማታር፣ ዛሬ ማታ ይሠራል?"

"ኢንሻአላህ፣ ኤዶ።"

"ኢንሻአላህን እኔም አውቃለሁ አቦ! አንተ ይሠራል በለኝ።"

"ይሠራል" አልኳት።

ስርጭት የሚጀምረው ማታ ስለሆነ በቀን የሚሠራው የገመዱ ጫፍ ላይ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካውን ጃክ መግጠም ብቻ ነው። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። የውጪውን ጥቁር ላስቲክ ዙሪያውን ትቆርጣለህ። ከሥሩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን መዳብ አለ፤ እሱን ወደ ኋላ ታጥፋለህ። ቀጥሎ ነጭ ላስቲክ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ሽቦ። ከጉንጉኑ አንዲት ክር አምልጣ ያቺን ሽቦ ከነካች ምስል የለም።

ሌላውን ጫፍ ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጥቼ፣ የአንቴናው ብረት ላይ ሁለት ጊዜ አጥብቄ ቋጥሬዋለሁ። ማታ እገጥመዋለሁ ብዬ ነው። መሰላሉንም እንዳይሰረቅ ቤት አስገብቻለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ዒልሚ ከመታፈሱ በፊት ከእኔ ጋር አንቴና ይሰቅል ነበር። እሱ ጣሪያ ላይ፣ እኔ ታች። በዚያ ዘመን የውጭ ጣቢያ ማየት ያስጠይቃል፤ "ወደ ጅቡቲ አዙረው!" ብሎ መጮህ የቀበሌ ጥበቃ መጥራት ነው። ስለዚህ አንጮህም፣ ገመዱን እንጎትታለን።

እሱ ከላይ አንዴ ከጎተተ "እንዴት ነው?" ማለቱ ነው። እኔ ከታች ሁለቴ ከጎተትኩ "እዚያው ቁም፣ ንቅንቅ እንዳትል"። ሦስቴ ከጎተትኩ "አልቋል፣ ውረድ"።

ይህን ከእኛ ሌላ የሚያውቅ ኤዶ ሻሚስ ብቻ ናት። ልጇ እየሳቀ ነግሯታል።

ጉንጉኑን አጥፌ ሳልጨርስ... ገመዱ ከእጄ ሸርተት አለ።

ነፋስ ነው አልኩ። በመስኮት አየሁ። የኒሙ ዛፍ ቅጠል አይንቀሳቀስም።

ቆየት ብሎ እንደገና። አንዴ።

"ኤዶ... ጣሪያ ላይ ማን አለ?"

"ማን ይኖራል? መሰላሉ እዚህ አይደል?"

ቆርቆሮው ቋ... አለ።

ቆርቆሮ በሙቀት ይጮኻል፣ አውቃለሁ። ይሄኛው ግን ይራመድ ነበር። ቀስ ብሎ፣ በባዶ እግር። በዚያ ሰዓት እንቁላል የሚጠብስ ቆርቆሮ ላይ!

ገመዱ ተጎተተ። አንዴ።

ኤዶ ሻሚስ እጄን አየች። ከዚያ ጣሪያውን። ፊቷ ሲበራ አየሁ፤ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው።

"እንዴት ነው እያለህ ነው" አለች በሹክሹክታ።

"ኤዶ ተይ..."

"መልስለት።"

"ሰው ያለ መሰላል አይወጣም፣ ኤዶ።"

"ወሪያ፣ መልስለት! ውረድ በለው!"

 ገመዱን ነጠቀችኝ።

አንዴ ጎተተች።

ሁለቴ።

ለሦስተኛው ስታነሳ እጇን አፈፍ አድርጌ ያዝኩ። ለምን? ፈራኋ! ሌላ ምክንያት የለኝም።

እርምጃው ቆመ። ልክ ከራሳችን በላይ።

ኤዶ ሻሚስ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ሁለት አደረግከው" አለች። "ልጄን እዚያው ቁም አልከው።"

እጇን ለቀቅኩ። በሙሉ ኃይሏ ጎተተች። ገመዱ ያለ ምንም ክብደት ተንሸራቶ በመስኮት ገባና እግራችን ሥር ተጠቀለለ። ሁለት ጊዜ የቋጠርኩት ቋጠሮ የለም።

ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ማንም አልነበረም። መዳፌን ቆርቆሮው አቃጠለኝ።

ማታ ገመዱን እንደገና ወጥቼ ገጠምኩት፤ ቴሌቪዥኑ እንደ መስተዋት ጠርቶ ሠራ። ወታደሮች እየተሰለፉ አለፉ። ኤዶ ሻሚስ አንዴም አላየቻቸውም። ጣሪያውን ነበር የምታየው።

ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን አልመለሰችም። ይገባኛል።

ነሐሴ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። የቤቴ በር ተንኳኳ። ኤዶ ሻሚስ ናት፣ ውኃ በውኃ ሆና።

"ልጄን ዝናብ እየመታው ነው" አለች።

መሰላሉን አቆምኩ። እሷ ከታች ያዘችልኝ።

ውኃው በቆርቆሮው ሸንተረር እየፈሰሰ ነበር። አንቴናው አጠገብ ግን ሁለት ደረቅ ቦታዎች አሉ። የእግር ቅርጽ ያላቸው። ጣቶቹ ወደ እኔ።



"ዒልሚ... ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ። ውረድ።"

ግራው ረጠበ። ቀጥሎ ቀኙ።

መሰላሉ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጭቃው ላይ ወድቄ ቀና አልኩ።

ኤዶ ሻሚስ እኔን አላየችኝም። ሻሿን አውልቃ፣ በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ ከራሷ ከፍ ባለው ባዶ አየር ላይ በሻሹ እያሸች ነበር። እያለቀሰች፣ ቀስ እያለች፣ እናት የልጇን ፀጉር እንደምታደርቀው።

ከዚያ እጆቿን ከሻሹ ላይ አነሳች።

ሻሹ አልወደቀም።