ብቻዋን የቀረችው ደቦ

ኢብቲሳም ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። አሥራ አንዱ ክቦች እንደ ሰንሰለት ተያይዘዋል። አሥራ ሁለተኛዋ ግን እንዳኮረፈ ሰው ጥግ ይዛ ብቻዋን ቀርታለች።

«አፈጠጥሽበት እኮ! አትሚውና እንሂድ» አለች ጓደኛዋ ሀዋኒ። የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ሰኞ ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ።

ክቦቹን የሚስለውን ሶፍትዌር ያገኘችው ኢብቲሳም ናት። በነጻ ይወርዳል፤ ኮዱም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያየዋል፣ ያርመዋል። ሌሎቹ ሶፍትዌሮች ሰውን ከሰው ጥንድ ጥንድ እያደረጉ በመስመር ያገናኛሉ። ይኼኛው አብረው የዋሉትን ሁሉ በአንድ ክብ ያቅፋል፤ አንድ ሰው በሁለት ደቦ ከዋለ ሁለቱ ክቦች ይያያዛሉ። ለደቦ ልኩ ይኼ ነው፤ ገብስ አብረው ያጨዱ ስምንት ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው ቢቆጥሯቸው ደቦ መሆኑ ይቀራል። የእህል ማጨጃው ኮምባይነር በማይወጣበት ተዳፋት ማን ከማን ጋር እንዳጨደ ለመጠየቅ ሁለቱ ልጆች የሲናናን መንደሮች ተካፍለው ነበር።

«ሀዋኒ፣ ይቺን ደቦ ማን ነገረሽ?»

«አንድ ሰውዬ። ምነው?»

«እዚህች ውስጥ ካሉት ስምንት ሰዎች አንዱም ሌላ ቦታ አላጨደም።»

«ሶፍትዌርሽ ተሳስቶ ነዋ! የነጻ ነገር!»

ኢብቲሳም ፋይሉን ከፍታ ስሞቹን አንድ በአንድ አየች። ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ነው የሳለው። ደቦ ደግሞ ተራ አለው፤ ዛሬ ላጨደልህ ነገ ታጭድለታለህ። ማንም ጋ ያልሄደ ሰው፣ ማን ይመጣለታል?

«እውነቱን ንገሪኝ። ሄደሻል?»

ሀዋኒ የሹራቧን እጅጌ ጎተተች። «ጭቃው ባጃጁን ያዘው፤ ተመለስኩ። መምህር ቱፋ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ደቦ ካነሰ ኤግዚቢሽኑ ላይ አላስገባም ብለዋል። አታካብጂ በናትሽ! አጎት ቶላን ጨምሪበት፣ ከሌሎቹ ጋር ይያያዛል።»

እውነትም አንድ ስም ይበቃል። ኢብቲሳም «ቶ» ብላ ጻፈች። አጎት ቶላ ትዝ አሏት፤ መንደራቸው ሄዳ ስለ ደቦው ስትጠይቃቸው አንድ ሰው ዘለልኩ ብለው፣ ጣታቸውን እንደገና ከአንድ ጀምረው የቆጠሩላት።

ፊደሏን አጠፋች። ከዚያ ክቧን።

«አበድሽ? አሥራ አንድ ቀረ እኮ!»

«ገና አራት ሰዓት ነው» አለች ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። «ባጃጁ እስከሚሄድበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር።»

«ብቻሽን?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

በሩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች። ፈታችው። ደግማ አሰረችው፣ ቀስ ብላ፣ ከኋላዋ ወንበር ሲንቀሳቀስ እስክትሰማ።